ቢጫው ምልክት ሳይፋቅ

ጥቅምት 6

ለተከበሩ አጎቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከእርስዎ ናፍቆትና ከሥራ ማጣት በቀር የጎደለብኝ የለም። በስልክ ስንገናኝ እርስዎ «ደህና ነኝ» ይላሉ፣ እኔም «ደህና ነኝ» እላለሁ፣ ከዚያ የምንለው ያልቃል። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ።

ተመርቄያለሁ። ያጠናሁት የካርታ ሥራ ነው። አከራዬ ልብስ ሰፊዋ ይህን ስነግራት «ካርታ እኮ ስልክ ውስጥ አለ፣ አንቺ ምን ልትጨምሪበት ነው?» አለችኝ። 

የምጽፍልዎ ግን ለሌላ ነው። ትልቁ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያሉት የእማዬ ቢጫ ምልክቶች ሊነሡ ነው። አስተዳደሩ በየመታጠፊያው የብረት ሰሌዳ ሊተክል ወስኗል። ሠራተኞቹ በጋው ሲጋመስ ከታችኛው በር ጀምረው አሮጌውን ቀለም እየፋቁ ይወጣሉ አሉ። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው ያንን ብቻ መሆኑን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ መንገደኛ እንዳይጠፋ ድንጋይና ግንድ መቀባት። ቤት አልሠራችም፣ መሬት አልነበራትም፣ ፎቶ መነሣትም አትወድም ነበር። ካረፈች ይኸው ዓመት ሆናት። እነዚያ ምልክቶች ከተፋቁ እጇ የነካው ነገር የትም አይገኝም።

በቀብሯ ሰሞን በስልክ «አንድ ቀን አንቺና እኔ መንገዷን እንሄድበታለን» ብለውኝ ነበር። ያ ቀን ጥር ላይ ይሁን። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መሬቱም ደረቅ ነው። ከታችኛው በር ተነሥተን ወንዙን እንከተላለን፣ የጥዱን ጫካ እናልፋለን፣ ከዚያ እስከ ላይኛው የተራራ ማለፊያ። የምናድረው በድንኳን ነው። ድንኳኑንም፣ የመኝታ ከረጢቱንም፣ ድስቱንም እኔ እዋሳለሁ። ከእርስዎ የሚጠበቀው ጥሩ ጫማ ብቻ ነው።

እሺ ይበሉኝ። እምቢ ማለትዎን ለማንበብ አልተዘጋጀሁም።

አክባሪዎ የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 4

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለጥድፌ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ እዚህ በሰው አገር ሰማዩ ሲከብድ እየከበደኝ፣ ሲቀል እየቀለለኝ አለሁ። እንኳን ለምረቃሽ አበቃሽ። እናትሽ ብታይ ምንም ሳትል ወጥታ ለመንደሩ ሁሉ ተናግራ ትመለስ ነበር።

«እርስዎ» ስትዪኝ ከኋላዬ ሌላ ትልቅ ሰው የቆመ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ። ማንም የለም፤ የተሰቀለው ካፖርቴ ብቻ ነው። ስታለቅሺ ጎረቤት እንዳትቀሰቅሺ አዝዬሽ ስንጎራደድ ያደርኩ ሰው ነኝ። አንተ በይኝ። ጋሼ ካልሽበት ደግሞ ሞልቶ ተርፏል።

የምሠራው አሁንም እዚያው የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት ነው። ከምድር ቤት በታች፣ መስኮት የሌለው። እንፋሎቱ ሲበዛ አጠገቤ የቆመውን ሰው የማውቀው በሳሉ ነው። ደብዳቤሽን በዕረፍት ሰዓት እዚያው አነበብኩት፣ ወረቀቱም እንደ ጨርቅ ለሰለሰብኝ።

እመጣለሁ። ጥር ይሁን።

ሥራ በፈታሁበት ጊዜ የቀለም ቆርቆሮዋን ተሸክሜ እከተላት እንደነበር ነግራሽ ይሆናል። ሁልጊዜ ከድንጋዩ ላይኛ ጎን ነበር የምትጀምረው። «እታለም፣ ለምን ከታች አትጀምሪም? ምልክት የሚፈልገው የሚወጣው ሰው አይደል?» አልኳት። «የሚወጣውማ ጫፉን እያየ ይሄዳል፤ ቢሳሳትም የሚመለስበት ጉልበት አለው። የሚጠፋው የሚወርደው ነው። ደክሞታል፣ ልቡ ቤቱ ገብቷል፣ እግሩ ብቻ ነው መንገድ ላይ የቀረው» አለችኝ። ከዚያ «አሁን ወሬውን ተውና ቆርቆሮውን አቅርብ»።

እነዚያን ምልክቶች ሳይፋቁ በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ። ፎቶ ግን አትላኪልኝ። በፎቶ ካየሁት የምመጣበት ጉዳይ ያልቅብኛል።

ለማወቅ ያህል ልጠይቅሽ፤ ከጥዱ ጫካ በላይ ያለው ዳገት እንደዚያው ነው? ወይስ በጎን የሚዞር መንገድ አበጅተውለታል?

እድሜና መልካም ሥራ ይስጥሽ።

አጎትሽ


ኅዳር 24

ለምወድህ ጋሼ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ይኸው አንተ አልኩህ፤ መጀመሪያ ላይ «እርስዎ» ጽፌ ሰረዝኩት፣ አሁን እጄ ለምዶታል።

እመጣለሁ ያልክበትን መስመር ለአከራዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። ድንኳኑንም ተውሼ አመጣሁና ሰገነቱ ላይ ተከልኩት። ሮጣ ወጣች።

«ምነው፣ ጣሪያው አፈሰሰ እንዴ?»

«አላፈሰሰም እትዬ፣ እየተለማመድኩ ነው።»

«ቤት ተከራይተሽ ውጭ መተኛት ትለማመጃለሽ?»

«ለጉዞ ነው። ከአጎቴ ጋር።»

«አጎትሽም እንዳንቺ ነው?» አለችና ጎንበስ ብላ ስፌቱን መረመረች። ትንሽ ቆይታ መርፌና ክር ይዛ ተመለሰች፤ ማዕዘኑን «ማን እንደሰፋው እንጃ» እያለች ደግማ ሰፋችው።

ስለ ዳገቱ ለጠየቅከው፣ አዎ፣ በጎን የሚዞር መንገድ አለ፤ ግን ጉዞውን በአንድ ቀን ያረዝመዋል። አንተን ደግሞ እማዬ «ፍየል» ትልህ እንደነበር አልረሳሁም። ቀጥ ብለን እንወጣዋለን። የመጀመሪያው ቀን ለወንዙ ዳር፣ ሁለተኛው ለጫካው፣ ሦስተኛው ለዳገቱ። ውሃ ለአንድ ሰው በቀን ሦስት ሊትር አስቤያለሁ። ከማለፊያው ሥር ካለው ትልቁ ድንጋይ ስንደርስ አንድ ግማሽ ቀን ምንም ሳንሠራ እንቀመጣለን። የመጨረሻው ምልክቷ እዚያ ነው፣ ትልቁም እሱ ነው።

የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ እንደሚፈልግ ሰምቼ ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ባይቀበሉኝም ምልክቶቹን እኔ ነኝ ካርታ ላይ ያሰፈርኳቸው፤ ማንም አላዘዘኝም። ቅጂውን እዚህ ውስጥ አስገብቼልሃለሁ። የምትመጣበትን ቀን ቁርጡን ጻፍልኝ። እስከዚያ እንቅልፍ የለኝም።

የአንተው ጥድፌ


ጥር 3

ለጥድፌ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ደብዳቤሽ በጊዜው ደርሶኛል፣ የዘገየሁት እኔ ነኝ። አልቆጣም ካልሽ ልንገርሽ፤ ጥር አልሆነልኝም። ሥራው አለቅህም አለኝ። መጋቢት ብናደርገውስ?

መኪና እስከ የት ድረስ ይገባል? መሃል ላይ ያለው የእንግዳ ማረፊያ ሌሊቱን ሙሉ መብራት አለው? ከዚያ እስከ ከተማው ሆስፒታል በመኪና ምን ያህል ይርቃል? ሰው ሲያረጅ ነገሩን ሁሉ ይጠይቃል፣ አትሳቂብኝ። ዳገቱንም በጎን እንዙረው። አንድ ቀን ቢረዝም አንቺን ለማየት ነው፣ አይጎዳም።

ውሃውን ለእኔ ብለሽ አትሸከሚ። ውሃ መጠጣት ቀንሻለሁ።

ለዚያች ልብስ ሰፊ ሰላም በያት። አጎትየውም እንደዚያው ነው በያት።

አጎትሽ


ጥር 21

ለጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። ካንተ ደብዳቤ በፊት ጥር ገባ። ቦርሳዬን አሰናድቼ በር ሥር አስቀምጬው ስለነበር በወጣሁ በገባሁ ቁጥር እመታው ነበር። ትናንት ፈታሁት።

መኪና እስከ ጥዱ ጫካ ማረፊያ ይገባል። መብራቱ በጄኔሬተር ነው፣ ሲመሽ ትንሽ በርቶ ይጠፋል። ሆስፒታሉ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ጋሼ፣ ለጉዞ ነው የምንሄደው ወይስ ለምርመራ? ደግሞ ውሃ ቀንሻለሁ ትላለህ። ውሃ ሲጋራ ነው እንዴ የሚቀነሰው?

የእኔን ወሬ ልንገርህ። ሥራው ተሰጠኝ። የገባሁበት ቡድን ግን ሰሌዳ የሚተክለው ነው። አለቃው ጽሑፌን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና «ካርታ ማንበብ ትችያለሽ?» አለኝ። «እችላለሁ።» «መፋቅስ?» «ምን መፋቅ?» «ቀለም ነዋ።» የሽቦ ብሩሹን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

እናቴ መሆኗን ነገርኩት። «እንግዲያው ሌላ ቦታ ልፈልግልሽ?» አለኝ። እምቢ አልኩ። እኔ ካልፋቅኩት ሌላ ሰው ይፍቀዋል፤ ያ ሰው ደግሞ የማን እጅ እንደሆነ አያውቅም። ልክ ነኝ? ሌሊት ሳስበው ልክ እመስላለሁ፣ ጠዋት ብሩሹን ሳይ ደግሞ ሌላ ነው።

የላይኛውን ክፍል የመጨረሻ እንዲያደርጉልኝ ለምኜው እሺ ብሎኛል። መጋቢት ከመጣህ ትደርስበታለህ። ከመጋቢት በኋላ ግን በእጄ አይደለም። መምጣት ካልፈለግክ አልፈልግም በለኝ፤ ከዚህ ይሻለኛል።

ጥድፌ


የካቲት 25

ለእህቴ ልጅ፣

እንኳን ደስ ያለሽ። የመጀመሪያ ሥራ የመጀመሪያ ሥራ ነው። እናትሽንም ስትጀምር ቆርቆሮ ነው ያሸከሟት።

ያልሽው ነገር አስከፍቶኛል፣ ግን አልተቀየምኩሽም። መምጣት አለመፈለግ የሚባል ነገር በእኔ በኩል የለም። ኩላሊቴን ትንሽ ያመኛል። ሐኪሟ ረጅም መንገድ ለጊዜው ተው ብላኛለች፣ ያው ሐኪም ተው ማለት ይወዳል። ለሚቀጥለው በጋ እንበለው። ይህን ለመጻፍ ነው ይህን ያህል የቆየሁት።

እየፋቃችሁ ስትወጡ የምታዪውን ጻፊልኝ። ወንዙ ዳር ያለው የተጋደመ ግንድ አለ? ምልክቱ አጠገቡ ነበር። ጫካው ውስጥ ያለው ምንጭስ ይፈሳል? አንዱም አይቅርብኝ። ጫማ ገዝቻለሁ፤ ቤት ውስጥ እያደረግኩ አለሰልሰዋለሁ።

ይባርክሽ። ጉንፋን እንዳይዝሽ።

አጎትሽ


ሚያዝያ 9

ለምወድህ ጋሼ፣

እንዴት ነህ? ኩላሊቱስ? ባለፈው ለጻፍኩት ይቅር በለኝ። ብዕር ስይዝ የት እንደሚሄድ አላውቅም።

ግንዱ በስብሷል፣ ቅርጹ ብቻ መሬቱ ላይ ቀርቷል። ምንጩ ይፈሳል፤ ሁላችንም ከዚያ ጠጣን። የተዋስኩት ድንኳን ቤቴ ሆኗል። ሾፌሩ «ይቺ ልጅ ከድንኳኑ ጋር ልትጋባ ነው» ይላል። ቀለም መፋቅ እንዳሰብኩት አይደለም። መጀመሪያ ይንጫጫል፣ ከዚያ ዱቄት ይሆናል፣ ከዚያ ፀጉርህና ቅንድብህ ቢጫ ይሆናል። ጫካው ውስጥ ያሉትን ስፍቅ አለቀስኩ። ዳገቱ ላይ ስንደርስ ማልቀሱን ተውኩት። ሥራ ሆነ። እንዲህ በቶሎ ሥራ መሆኑ ነው ያሳዘነኝ።

አሁን ደስ የሚልህን ልንገርህ። ሁሉም ተፍቋል፣ አንድ ሲቀር። ትልቁን ድንጋይ አልነካሁትም። አለቃውን «እሱን እኔ እጨርሰዋለሁ፣ እናንተ ውረዱ» አልኩት። ሲወርዱ ብሩሹን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። በሚቀጥለው በጋ ስትመጣ እሱ ይጠብቅሃል።

እዚያ ጋ መንገዱ መለወጡን አታውቅም ይሆናል። እማዬ በታመመችበት ክረምት የድሮው መንገድ ጫፍ ተንዶ ወደ ገደሉ ወረደ። አሁን ለሚወርድ ሰው አዲሱ በግራ ነው። ምልክቷ የሚያሳየው ወደ ቀኝ፣ ወደ ድሮው ነው፤ ታማ ስለነበር ወጥታ አላስተካከለችውም። ግን አታስብ፣ በግራ በኩል ሰሌዳ ተክለናል። ድንጋዩ እዚያው አለ፣ ቢጫው እንደ ትናንት ነው። ለአንተ ነው ያስቀረሁት። ለማንም አልተናገርኩም።

ጫማው ለሰለሰ?

ጥድፌ


ሚያዝያ 24

ጥድፌ፣

ደብዳቤሽ አሁን ደረሰኝ። ካፖርቴን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው፤ ሰላምታውን ሌላ ቀን እመልስልሻለሁ።

ያንን ምልክት ሂጂና ፋቂው። ይህ ወረቀት በደረሰሽ ቀን።

እዚያ ማለፊያ ላይ ጉም ሲወርድ አይቻለሁ። ብረት በጉም ውስጥ አይታይም፣ ቢጫ ግን ይታያል። እናትሽ ቢጫውን የመረጠችው ለዚያ ነው። ዳገት ወጥቶ፣ ደክሞት፣ እየጨለመበት የሚወርድ ሰው ያንን ሲያይ «ተመስገን» ብሎ ወደ ቀኝ ይሄዳል። እሷ ብትኖር ከሁሉ በፊት የምትፍቀው እሱን ነበር። በታመመችበት ወራት በስልክ ስንነጋገር የምታነሣው ይህንኑ ነበር፤ «ያቺ ድንጋይ፣ ያቺ ድንጋይ» ትለኝ ነበር። በሽታው የሚያስቀባጥራት መስሎኝ «እሺ፣ እሺ» ብዬ አልፈዋለሁ። አሁን ነው የገባኝ።

ለእኔ ብለሽ ነው ያስቀረሽው፣ አውቃለሁ። ስለዚህ እውነቱን ልንገርሽ፤ አለዚያ ነገ ደግሞ ሌላ ነገር ታስቀሪልኛለሽ። አልመጣም፣ ልጄ። በሚቀጥለው በጋም አልመጣም። ኩላሊቶቼ ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል። በየሁለት ቀኑ ማሽን ላይ ያስተኙኛል፣ ደሜን አውጥተው፣ አጥበው ይመልሱልኛል። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው አንሶላ ሳጥብ ኖሬ ተራዬ ደረሰ። ከማሽኑ ርቄ ከሁለት ቀን በላይ መቆየት አልችልም። ለቀብሯም ያልመጣሁት ለዚያ ነው። እናትሽ ታውቅ ነበር፤ እንዳትነግርሽ ለምኛት ነበር።

ታዲያ ለምን እመጣለሁ አልከኝ ትያለሽ። የመጀመሪያውን ደብዳቤሽን ሳነብ የሥራ ዕረፍት ላይ ነበርኩ ብዬሻለሁ፤ ውሸት ነው፣ ሥራውን ካቆምኩ ቆይቷል። ማሽኑ ላይ ተኝቼ ነው ያነበብኩት። «ወንዙን እንከተላለን» ስትዪ እውነት መስሎኝ እመጣለሁ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ የጠየቅኩሽን ሁሉ፣ መኪናውንም፣ መብራቱንም፣ ምናልባት ይሆን እንደሆነ ብዬ ነው። ሐኪሟን ካርታሽን አሳየኋት። ትዕግሥተኛ ናት፣ እስከ መጨረሻው አየችልኝ። ከዚያ አጣጥፋ መለሰችልኝ።

ከመፋቅሽ በፊት ፎቶ አንሺው። አሁን ላኪልኝ።

አጎትሽ


ግንቦት 12

ለምወድህ ለጋሼ፣

ጤናህን መጠየቅ ዛሬ እንደ ሌላው ጊዜ አልቀለለኝም። እንደምን አለህ ብዬ ስጽፍ መልሱን በእውነት ነው የምጠብቀው።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ለዕረፍት ከተማ በወረድኩበት ቀን ነው። እዚያው በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። አከራዬ ፊቴን አይታ «ምን ሆንሽ?» አለችኝ፤ ወረቀቱን ሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ ቦርሳዬን ከውስጥ አመጣችልኝ።

ለአለቃው ያደረግኩትን ነገርኩት። ያባርረኛል ብዬ ነበር። «የእናትሽን ነው ያስቀረሽው?» አለኝ። «አዎ።» «ሰው ልስጥሽ ወይስ ብቻሽን?» «ብቻዬን።» ሾፌሩ እስከ ማረፊያው አደረሰኝ። ዳገቱን ቀጥ ብዬ ነው የወጣሁት፤ በጎን ለመዞር ጊዜ አልነበረኝም። መንገዱን ሙሉ አንድ ሰው ቀድሞኝ ወደ ቀኝ ታጥፎ እንደሆነስ እያልኩ ነበር። ማንም አልታጠፈም። ሣሩ አልተረገጠም።

ፎቶው እዚህ ውስጥ አለ። ሳነሣው ጥላዬ ገብቶበታል፣ አትቆጣኝ፤ ጸሐይዋ ከኋላዬ ነበረች።

ከዚያ ፋቅኩት። በየጊዜው ላዩ ላይ እየደረበች ቀብታዋለች፣ እንደ ሽንኩርት ነው። ላይኛው ደማቅ ነው፤ ከሥሩ የገረጣ አለ፤ ከዚያ ወደ ብርቱካን የሚያደላ፣ ያኔ ቢጫ ቀለም ሳይጠፋ አልቀረም። አንዱ ሽፋን ውስጥ የብሩሽ ፀጉር ተጣብቆ አገኘሁ። ለማስቀረት ፈልጌ ነበር፤ ስነካው ከዱቄቱ ጋር ሄደ። ከሁሉም ሥር፣ ድንጋዩን የነካው፣ የተንጋደደ ነው። ጠርዙ ወጣ ገባ ይላል፣ ወደ ታችም ፈስሷል። የእሷ እጅ አይደለም። የአንተ ይሆን? ካስታወስክ ጻፍልኝ። በዚያ ላይ ብዙ ቆየሁ፣ ግን እሱንም ፋቅኩት።

ተቆጥቼብህ ነበር። ውሃ ሲጋራ ነው እንዴ ያልኩህን ሳስታውስ ቁጣው ወደ ራሴ ዞረ። ከዚህ በኋላ «ደህና ነኝ» እንዳትለኝ። ማሽኑ ያለበትን ክፍል ጻፍልኝ፣ አልጋህ በየት በኩል እንደሆነ፣ አጠገብህ የሚተኛው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደምታወሩ። ዓመቱ ሲሞላ ፈቃድ ይሰጠኛል። እመጣለሁ ስል እንዳንተ አይደለም፤ የቪዛ ማመልከቻውን ጀምሬያለሁ። እስከዚያ ትቆይልኛለህ? ይህን መጠየቅ እንደሌለብኝ አውቃለሁ፣ ግን ጠየቅኩህ።

ጨርሼ ድሮው መንገድ ላይ፣ በቀኝ በኩል ቁጭ አልኩ። ጉም መውረድ ጀምሮ ነበር። ከላይ ሁለት ሰዎች መጡ፣ ባልና ሚስት መሰሉኝ፣ በዕድሜ የገፉ።  ሰውየው የሁለቱንም ቦርሳ ይዟል፣ ሴትየዋ ትከሻውን ተደግፋለች። ድንጋዩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ወደ ሰሌዳው ተጠጋና በእጁ ጠረግ አድርጎ አነበበው። ከዚያ በግራ ወረዱ። ወደ እኔ በኩል ዞር ብለው እንኳ አላዩም።

ጥድፌ